የአሮጌ ትራያል ሞተር ሳይክል ዋጋ በቀለሙ አይለካም

ሞተር ሳይክል የተሠራው ለፍጥነት ነው ብሎ ለሚያስብ ሰው ትራያል የሚባለው ስፖርት ግራ ያጋባዋል። በትራያል ቀድሞ መድረስ ቁም ነገር አይደለም። ተወዳዳሪው በወንዝ ድንጋይ፣ በጭቃማ አቀበትና በዛፍ ሥር መካከል በተከለለ አጭር መስመር እግሩን መሬት ሳያስነካ ማለፍ አለበት። አንድ ጊዜ እግሩ ከነካ አንድ ነጥብ፣ ደጋግሞ ከነካ ሦስት፣ ሞተሩ ከጠፋበት ወይም ከመስመሩ ከወጣ አምስት ነጥብ ይያዝበታል፤ አሸናፊው ጥቂት ነጥብ የተያዘበት ነው። ከእነዚህ ውድድሮች ሁሉ ስመ ጥሩው ታሪኩ ከ1909 የሚጀምረው የስኮትላንድ የስድስት ቀን ትራያል ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1961 ጎርደን ጃክሰን በኤጄኤስ ሞተር ሳይክል ስድስቱን ቀን ሙሉ አንድ ነጥብ ብቻ ተይዞበት አሸንፏል። ለእንዲህ ዓይነቱ ትዕግሥት ለሚጠይቅ ፈተና የተዘጋጁት የዚያ ዘመን ትንንሽ ሞተር ሳይክሎች ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ እጅግ ተፈላጊ ሆነዋል። አንዱ ከአሮጌ ጎተራ ሲወጣ ግን ሁለት ጥያቄ አብሮት ይወጣል፤ እንዴት ይታደስ? ዋጋውስ በምን ይተመን? የተለመደው መልስ «ፋብሪካው እንዳወጣው አድርጎ ማደስ» የሚል ነው። ይህ መልስ ለመንገድ ሞተር ሳይክል ሊሠራ ይችላል። ለትራያል ሞተር ሳይክል ግን ብዙ ጊዜ የዕቃውን ዋና ዋጋ ያጠፋል። የትራያል ሞተር ሳይክል ታሪክ ፋብሪካው በሠራውና ነጂው በቀየረው መካከል ባለው ልዩነት ላይ የተጻፈ ነውና። ይህን ለማሳየት ከብሪታንያው ትራያምፍ ታይገር ከብ የተሻለ ምስክር የለም።

ታይገር ከብ ለትራያል ታስቦ አልተሠራም። በኮቨንትሪ አጠገብ በሜሪደን ፋብሪካ የነበረው ትራያምፍ በ1952 መገባደጃ ቴሪየር የተባለ 149 ሲሲ ሞተር ሳይክል ለሕዝብ አሳየ። የድርጅቱ ኃላፊና ንድፍ አውጪ ኤድዋርድ ተርነር ትንሽ ሞተር ረጅም መንገድ እንደሚችል ለማሳመን በ1953 ኦክቶበር ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ፣ ራሱ ቴሪየር እየነዳ፣ ከብሪታንያ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ እስከ ሰሜኑ ጫፍ 1,000 ማይል ያህል ተጓዘ። ብዙም ሳይቆይ 199 ሲሲ የሆነው ታይገር ከብ ተከተለ፤ ባለ አንድ ፒስተን፣ ባለ አራት ማርሽ፣ ሞተሩና ካምቢዮው በአንድ ቤት የተቀመጡ ቀላል ሞተር ሳይክል ነበር። ዓላማው ሠራተኛው ወደ ፋብሪካው፣ ጎረምሳው ወደ ከተማ በጥቂት ቤንዚን እንዲደርስ ነው። ምርቱ እስከ 1968 ሲቀጥል ከ100 ሺህ በላይ ወጥቷል፤ ስለዚህ ከብ ሁሉ ብርቅ አይደለም። በ1950ዎቹ የትራያል ሜዳ ደግሞ የባለ 350 እና የባለ 500 ሲሲዎቹ ነበር። እነዚህ ከባዶች ቢሆኑም ጎማቸው ድንጋይ ላይ ሳይንሸራተት ቀስ ብሎ የሚጎትት ጉልበት ነበራቸው፤ 199 ሲሲ የስኮትላንድን አቀበት ይወጣዋል ብሎ የሚወራረድ ሰው ጥቂት ነበር። በ1959 ሮይ ፔፕሎ በ199 ሲሲ ታይገር ከብ የስድስቱን ቀን ትራያል አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ ትንሹ ሞተር ይችላል ወይ የሚለው ክርክር ተዘጋ፤ የቀረው ትንሹን ሞተር ለድንጋይ እንዴት እናዘጋጀው የሚለው ሆነ።

ትራያምፍም ዝም አላለም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቲአር20 የሚል መለያ የተሰጠው የትራያል ከብ አወጣ፤ ቲኤስ20 የተባለው ወንድሙ ዛሬ ሞቶክሮስ ለምንለው የፍጥነት ውድድር ነበር። የቲአር20 ሞተር ኮምፕሬሽኑ ዝቅ ያለ፣ የማርሾቹም ልዩነት ሰፋ ያለ ነበር፤ በዝቅተኛው ማርሽ በሰው እርምጃ ልክ እየተጓዘ፣ በከፍተኛው ደግሞ ከአንዱ የውድድር ቦታ ወደ ሌላው በመንገድ እንዲሄድ ነው። ማርሚታው ድንጋይ እንዳይመታው ወደ ላይ ተስቧል። ያም ሆኖ ቁም ነገረኛ ተወዳዳሪ የገዛውን እንዳለ ይዞ ለውድድር አይወጣም ነበር። ቀጭኑ የፊት ፎርኬላ ድንጋይ ሲመታው ይላወሳል፤ ከከባድ ሞተር ሳይክል የተወሰደ ወፍራም ፎርኬላ ይገባበታል። የብረቱ ፓራፋንጎ ወጥቶ አሉሚኒየም ይተካል። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ለሚነዳ ሰው ሰፊ ሰልባቲዮ ጉልበቱን ስለሚገፋው ጠበብ ያለ ይሠራለታል። የእግር መርገጫው ተቆርጦ ወደ ኋላ ይበየዳል፤ የነጂው ክብደት ወደ ኋላ ጎማ ሲሄድ ጎማው መሬት ይነክሳልና። በጠባብ ቦታ ለመታጠፍ እንዲያመች የመሪው አንገት ሳይቀር ተቆርጦ ቀና ተደርጎ ይበየዳል። ለውድድር የተዘጋጁት ከቦች እሳታቸውን ያለ ባትሪ በቀጥታ ከአልተርኔተሩ ይቀበሉ ስለነበር የእሳቱ ሰዓት ጥቂት ከተዛባ ካንዴላው ይደክማል፤ ስለዚህ ማቀጣጠያውም ይለወጣል። ክራንክ ሻፍቱ በአንድ ወገን በኩሽኔታ ፋንታ በብሮንዚና ላይ ይዞር ነበር፤ ብሮንዚናው ሲበላ የዘይቱ ግፊት ይወርድና ሞተሩ አደጋ ላይ ይወድቃል፤ ብዙ መካኒኮች ቤቱን አስፍተው ኩሽኔታ አስገብተውበታል። እነዚህን ለውጦች አንድ በአንድ ሲያነቧቸው ለፋብሪካው የተጻፉ አቤቱታዎች ሆነው ይገኛሉ፤ ፎርኬላው ደካማ ነው፣ መርገጫው ቦታው አይደለም፣ ብሮንዚናው አይበቃም ይላሉ። ልዩነታቸው በወረቀት ፋንታ በመጋዝና በብየዳ መጻፋቸው ነው።

አቤቱታውን ማን ሰማው? ከሁሉ በፊት የሰማው በባርሴሎና ያለ ፋብሪካ ነበር። የቤልፋስቱ ተወላጅ ሳሚ ሚለር በዘመኑ አቻ ያልተገኘለት የትራያል ነጂ ነው። ከባዱን 497 ሲሲ ኤሪየል ለዓመታት ሲቆርጥና ሲያቀል ኖሮ ክብደቱን ወደ 110 ኪሎ ገደማ አውርዶታል። በ1964 ወደ ስፔን ሄደና ከቡልታኮ መሥራች ከፍራንሲስኮ ቡልቶ ጋር ሆኖ ሸርፓ ቲ የተባለውን 244 ሲሲ ቱ ስትሮክ ሞተር ሳይክል ለትራያል አዘጋጀ፤ ክብደቱ ከተቀለለው ኤሪየል እንኳ በ20 ኪሎ ያህል ያንሳል። በ1965 በዚሁ ሞተር ሳይክል የስኮትላንዱን ውድድር አሸነፈ፤ ከብሪታንያ ውጭ የተሠራ ሞተር ሳይክል ይህን ክብር ሲያገኝ የመጀመሪያው ነበር። የሸርፓ ትልቁ ነገር የቱ ስትሮክ ሞተሩ ብቻ አልነበረም። የብሪታንያ ነጂ ቅዳሜና እሑድ በጓሮው ሲቆርጥና ሲበይድ የሚደክምበትን ነገር ሁሉ ቡልታኮ ሠርቶ፣ ጨርሶ፣ በሱቅ ሸጠለት። በብሪታንያ በኩል የሆነውን ደግሞ እንመልከት። ከ1951 ጀምሮ የትራያምፍ ባለቤት የነበረው ቢኤስኤ ባንታም የተባለ የራሱ ትንሽ ሞተር ሳይክል ነበረው፤ ንድፉ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በጀርመኑ ዲኬዌ የተሠራና ከጀርመን ሽንፈት በኋላ በካሳ የተወሰደ ነው። በ1967 ዴቭ ሮውላንድ ለውድድር በተዘጋጀ 175 ሲሲ ባንታም ስኮትላንድ ላይ ከሚለር ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ። ሆኖም ያ ባንታም እንደ ሸርፓ ለገዢው አልቀረበም። በ1973 የቢኤስኤ ቡድን ራሱ ወደቀ።

እዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ። ብሪታንያም ለትራያል የታሰቡ ቀላል ቱ ስትሮኮች ነበሯት፤ ኤሴክስ ውስጥ ይሠራ የነበረው ግሪቭስ ራሱን የቻለ የትራያል ሞተር ሳይክል ነበር፣ ዶን ስሚዝም በ1964 በዚሁ ግሪቭስ የአውሮፓን የትራያል ሽልማት ወስዷል፤ ታዲያ ፋብሪካዎቹ አልሰሙም እንዴት ይባላል? ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው። ግሪቭስና መሰሎቹ ሰምተው ነበር፤ ግን ሞተሩን ይገዙ የነበረው ከቪሊየርስ ነው፤ ቪሊየርስ በ1960ዎቹ መጨረሻ ለሌሎች ሞተር ማቅረቡን ሲተው እነርሱም መሬት ከእግራቸው ሥር ተነሣ። የራሳቸው ሞተር፣ የራሳቸው ገንዘብና የራሳቸው ገበያ የነበራቸው ትልልቆቹ ናቸው ያልሰሙት። እርግጥ የብሪታንያ ሞተር ሳይክል ኢንዱስትሪ በትራያል ምክንያት ብቻ አልወደቀም፤ የጃፓኖቹ ፉክክር፣ ያረጁ ማሽኖችና የአስተዳደር ድክመት ድርሻቸው ከዚህ ይበልጣል። ይሁን እንጂ ኢንዱስትሪው ደንበኛውን መስማት እንዴት እንዳቆመ በዓይን የሚታይ፣ በእጅ የሚዳሰስ ማስረጃ ከተፈለገ የተቆረጠ፣ የተበየደና ፎርኬላው የተለወጠ ከብ ከማንኛውም የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይልቅ ግልጽ ሰነድ ነው።

የእድሳቱ ክርክር ከዚህ ይነሣል። ከብን «ፋብሪካው እንዳወጣው» ለማድረግ የሚነሣ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ወፍራሙን ፎርኬላ አውጥቶ ቀጭኑን መመለስ፣ የአሉሚኒየሙን ፓራፋንጎ ጥሎ አዲስ የብረት መግጠም፣ በመርገጫው ላይ ያለውን ብየዳ በሞላ ማስተካከል፣ ቴላዮውን በአሸዋ አስነፍቶ ማስቀባት ነው። ሲጨርስ የሚያብረቀርቅ ከብ ይኖረዋል፤ ያ ከብ ግን ከሌሎቹ 100 ሺህ የሚለይበት ነገር አልቀረለትም። በእኛ አገር የጥንት የብራና ወንጌሎችን የሚያጠና ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳል። ወንጌሉ በብዙ ቅጂ ይገኛል፤ ታሪክ ጸሐፊው የሚፈልገው ግን በኅዳጉና በባዶ ገጾቹ ላይ የተጻፈውን የርስትና የጉልት ማስታወሻ ነው። ብራናውን አጸዳለሁ ብሎ ኅዳጉን የፋቀ ሰው ወንጌሉን አላሳመረም፤ ታሪኩን ደመሰሰ። የነጂው ብየዳ የሞተር ሳይክሉ ኅዳግ ነው። የታሪካዊ ተሽከርካሪዎች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንም በ2012 ባጸደቀው የቱሪን ቻርተር ወደዚሁ ያዘነብላል፤ መንካት በተቻለ መጠን ጥቂት ይሁን፣ የተደረገው ሁሉ ይመዝገብ የሚል መንፈስ አለው።

ዋጋን በተመለከተ መጀመሪያ መለየት ያለበት ብርቅነትና እውነተኛነት ናቸው። ቲአር20 ብርቅ ስለሆነ ተራውን ከብ ቲአር20 ለማስመሰል የሚያጓጓ ነገር አለ፤ የሞተር ቁጥሩ የሚጀምረው በሞዴሉ መለያ ፊደላት ነውና። ስለዚህ አዋቂ ገዢ ከቀለሙና ከኮርቻው በፊት በሞተሩ ግራ ጎን፣ ከሲሊንደሩ ሥር ወዳለው ቁጥር ጎንበስ ይላል። ፋብሪካው ቁጥሩን በመዶሻ እየመታ ስላተመው ፊደላቱ ጥቂት ቢዛነፉ አያሳስብም፤ የሚያሳስበው ከቁጥሩ ሥር ያለው አሉሚኒየም ከዙሪያው ይልቅ የለሰለሰና ዝቅ ያለ ሆኖ ሲገኝ፣ የሞላ ጭረት ሲታይበት፣ ወይም አንዱ ፊደል ከሌሎቹ የተለየ ቅርጽ ሲኖረው ነው። ያ ቦታ ተፍቆ እንደገና ተመትቷል ማለት ነው። ቀጥሎ በመሪው አንገት ላይ ያለው የቴላዮ ቁጥር ከሞተሩ ጋር ይመሳከራል፤ ፋብሪካው ሁለቱን አንድ አድርጎ ያወጣ ነበርና። ከዚያ ወረቀቱ ይጠየቃል። የትራያምፍና የቢኤስኤ የመላኪያ መዝገቦች ዛሬ በብሪታንያ በ1946 በተመሠረተው የአሮጌ ሞተር ሳይክሎች ክበብ እጅ ይገኛሉ፤ የትኛው ቁጥር በየትኛው ቀን ለየትኛው ሻጭ እንደተላከ ከዚያ ማረጋገጥ ይቻላል። ባለቤቶቹን በተራ የሚዘረዝረው አሮጌ ሊብሬ፣ ሰሌዳው የሚነበብበት የውድድር ፎቶግራፍ፣ የውድድሩ የውጤት ወረቀት እያንዳንዳቸው ዋጋ ይጨምራሉ። ፎቶግራፍ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ ወፍራሙ ፎርኬላ በ1963 የገባ መሆኑን ወይም ባለፈው ዓመት በገበያ የተገዛ መሆኑን የሚለየው እርሱ ነው። ከዚህ የሚወጣው ቅደም ተከተል ይህ ነው፤ የውድድር ታሪኩ በሰነድ የተረጋገጠ፣ የዘመኑን ለውጥ እንደያዘ ያለ ከብ ከሁሉ ይበልጣል፤ ቀጥሎ ሳይነካ የቆየ እውነተኛ ቲአር20 ይመጣል፤ በሚገባ የታደሰው ከእነርሱ በታች ነው፤ በተመታ ቁጥር የተሠራው አስመሳይ ደግሞ የሚገዛው በዕቃው ዋጋ ብቻ ነው።

ይህን ነገር ያወሳሰበው ስፖርቱ ራሱ ነው። ከ1980ዎቹ ጀምሮ በብሪታንያ ከ1965 በፊት ለተሠሩ ሞተር ሳይክሎች ብቻ የተለየ የትራያል ምድብ ተስፋፋ፤ በስኮትላንድ ኪንሎክሌቨን የሚካሄደው ከሁሉ ይታወቃል። በየጎተራው ዝጎ የነበረው ከብ በዚህ ምክንያት ከሞት ተነሣ፤ ቀላልና ትንሽ ስለሆነ ለምድቡ ከሁሉ ተመራጭ ሆነ። ይህ በጎ ነገር ነው፤ ያለ እርሱ ብዙዎቹ ለቁርጥራጭ ብረት ይሸጡ ነበር። ጉዳቱ ግን ከዚያው ከጥቅሙ ጋር መጣ። ማሸነፍ የፈለገ ሁሉ አዲስ የተሠራ ቴላዮ፣ ዘመናዊ የእሳት ማቀጣጠያና ዘመናዊ ዕቃ የተሞላ አሮጌ መሳይ ፎርኬላ ይገጥም ጀመር፤ መጨረሻ ላይ ከ1965 በፊት የተሠራው የሞተሩ ቤት ብቻ የሆነ፣ አንዳንዴም እርሱ እንኳ ያልሆነ «አሮጌ» ሞተር ሳይክል ተፈጠረ። እንዲህ ያለውን ለመንዳት መግዛት ነውር የለውም፤ ለታሪክ ተብሎ መግዛት ግን ሞኝነት ነው።

ለዚህ አስተያየት የሚቀርቡ ሦስት መልሶች አሉ። የመጀመሪያው «ለውጥ ሁሉ ታሪክ ከሆነ ባለፈው ሳምንት የገባው ቡሎንም ታሪክ ነው፤ ታዲያ ወሰኑ የት ነው?» ይላል። ወሰኑ ጊዜና ዓላማ ነው። ሞተር ሳይክሉ በእውነተኛው ዘመኑ ሲወዳደር የነበረበትን ችግር ለመፍታት የተደረገና በፎቶግራፍ፣ በደብዳቤ ወይም በብየዳው ዓይነት ዘመኑ ሊታወቅ የሚችል ለውጥ ይጠበቃል። ከዚያ በኋላ ለመሸጥ ወይም ለማሸነፍ የተጨመረው ሊወጣ ይችላል፤ ከመውጣቱ በፊት ግን ይመዝገብ። ሁለተኛው መልስ «ሞተር ሳይክል የተሠራው ለመነዳት ነው፤ ዝገቱን እያዩ ማስቀመጥ መቅበር ነው» የሚል ነው። ይህ እውነት ነው፤ ግን ከመጠበቅ ጋር አይጣላም። ጎማ፣ ካቴና፣ የፍሪሲዮን ሰሌዳ፣ የፍሬን ሸራና ኩሽኔታ ሲያልቁ እንዲለወጡ የተሠሩ ናቸው፤ በ1962ም ይለወጡ ነበር። ሞተሩ ተፈትቶ ይጠገን፤ የተበላው ብሮንዚና ይለወጥ፤ የወጣው ግን አይጣል። ሊመለስ የማይችለው ነገር ቴላዮን መፋቅ፣ ብየዳን መደምሰስና ቁጥርን መንካት ነው፤ ለመንዳት ደግሞ ከእነዚህ አንዱም አያስፈልግም። ሦስተኛው መልስ የገበያ ሰው መልስ ነው፤ «ገዢው ለሚያብረቀርቀው ነው ገንዘቡን የሚያወጣው» ይላል። በአንድ ወቅት እንዲህ ነበር፤ አሁንም ልምድ የሌለው ገዢ እንዲህ ያደርጋል። ነገር ግን ያልታደሰ መሆኑን የጨረታ ቤቶች ራሳቸው እንደ ማስታወቂያ እየጻፉ የሚሸጡበት ዘመን ላይ ነን፤ ምክንያቱም ቀላል ነው። አዲስ ቀለም ነገም በገንዘብ ይገኛል፤ የ1961 ብየዳ ግን አንዴ ከተፋቀ በምንም ገንዘብ አይመለስም። ዛሬ ለመወልወል የሚያወጡት ገንዘብ ነገ ከዋጋው ላይ ሊቀነስ እንደሚችል ሻጩም ማወቅ አለበት።

ትንሽ ሞተር ላይ ይህን ያህል መጨነቅ ይበዛል የሚል ይኖራል። የትልልቆቹ ፋብሪካዎች ሪፖርት፣ የሚኒስትሮች ንግግርና የባንክ ሰነድ ተጠብቆ ተቀምጧል፤ የሠራተኛው፣ የመካኒኩና የቅዳሜ ተወዳዳሪው አስተያየት ግን የቀረው በብረት ላይ ብቻ ነው። እርሱን ካጠፋነው የአንድ ኢንዱስትሪ ውድቀት የሚተረከው ከላይ በነበሩት ሰዎች አንደበት ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በአውሮፓም ሆነ በአሜሪካ የሚኖር፣ እንዲህ ያለ ሞተር ሳይክል በእጁ የገባ ወይም ለመግዛት የሚያስብ አንባቢ ካለ ምክሩ አጭር ነው። አንድ ዳዶ ከመፍታትዎ በፊት ሁሉንም ጎኑን ፎቶግራፍ ያንሡ፤ የሞተሩንና የቴላዮውን ቁጥር ከመዝገቡ ጋር ያመሳክሩ፤ የቀድሞ ባለቤቶቹን በሕይወት እያሉ ይጠይቁና የነገሩዎትን ይጻፉ፤ ያወጡትን ዕቃ ሁሉ ስሙን ጽፈው በሣጥን ያኑሩ፤ ቀለም ቀቢ ዘንድ ከመውሰድዎ በፊትም እያንዳንዱ ብየዳ ለምን እንደተደረገ ሳይረዱ እንዳይነኩት።